ከቤቶ ድምፅ ሥር ያለው ስም

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስሜ ላይ ሲጮኹበት ሰምቻለሁ። በምሳሌ አይደለም የማወራው። ዘፈን አለ። በዘፈኑ መሃል ግጥሙ ቆሞ አኮርዲዮኑ ብቻውን ሲቀር ዘፋኙ ስም ይጠራል። ያ ስም የኔ ነው። ልክ እዚያ ላይ፣ ሲዲ እየገለበጠ የሚሸጠው የቤቶ ድምፅ እንደ ገደል ማሚቶ እየተደጋገመ ይገባል፦ «ቤቶ! ቤቶ! ቤቶ! ያለ ቤቶ ድግስ የለም!» በጩኸቱ መሃል የከተማችን ስም «ካኞ ኦንዶ» ሾልካ ትሰማለች፤ እሱ ሲያበቃ ግን ከስሜ የምትተርፈው ጅራቷ ብቻ ናት፦ «…ሪስ!»

ኑሪስ እባላለሁ። ካኞ ኦንዶ ውስጥ ግን ዳማሪስ የምትባል ሴትም አለች።

ዳማሪስ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ሚስት ናት። በእኛ በኩል ቫዬናቶ የምንለው የአኮርዲዮን ዘፈን ሲዘፈን ስም በነፃ አይጠራም። ባለከብቱ ከፍሎ ያስጠራል፣ ከንቲባ መሆን ያማረው ከፍሎ ያስጠራል። ስለዚህ ሰዉ ብዙም አላሰበም። «…ሪስ» ካለ፣ ገንዘብ ያለው ባል ያላት «…ሪስ» ናት፤ አለቀ። በየታኅሣሡ ዘፈኑ ሲመጣ ዳማሪስ እጇን ወደ ላይ ታነሳለች፣ ሰው ያጨበጭብላታል። እኔ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ጫማዬን አያለሁ። ባሌ ኦስዋልዶ እንኳ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ ቀን «ምናልባት እኮ እሷን ይሆናል» ብሎኝ ነበር። ይህን እንዳመነ ሞተ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዝናብ ጊዜ፣ መንገዱ በውሃ በተቆረጠበት ሰሞን፣ የዘፋኙ የኤውዴስ ካንቲዮ የሙዚቃ ባንድ አውቶቡስ ቤቴ ፊት ለፊት ጭቃ ውስጥ ገባ። ሰባት ወንዶች ናቸው። ሦስት ቀን እኔ ጋ በሉ፣ እኔ ጋ ተኙ። የምሸጠውን ቦዮ ለእነሱ ቀቀልኩ፤ በቆሎው እስኪያልቅ ድረስ ሊጡን በቅጠል ስጠቀልል እጄ ተላጠ። አይብም አልቀረ፣ ዓሣም አልቀረ። ሲሄዱ ኤውዴስ ባርኔጣውን አውልቆ «የምሰጥሽ ገንዘብ የለኝም። ሲዲ ልናስቀርጽ ነው የምንሄደው። ስምሽን አስገባዋለሁ» አለኝ።

«እሺ፤ ግን አፍህን ሞልተህ ጥራው» አልኩት።

ሌላ ምንም ክፍያ አልተቀበልኩም። ለዚያ ነው የሚያንገበግበኝ።

እዚህ ላይ የራሴንም ጉድ ልናገር፤ ካልተናገርኩ ሌላው ውሸት ይሆናል። ሲዲው በወጣ ጊዜ ኤውዴስ ራሱ በከረጢት ይዞት ወደ አደባባያችን መጥቶ ነበር። ዋጋው ለእኔ የሁለት ቀን ቦዮ ነው። አየሁት። ዛፉ ሥር ቆሞ ላቡን እየጠረገ «ዋናው ነው፣ ዋናው ነው» ይላል፤ ሰው ያልፈዋል። ሁላችንም የምናስበው አንድ ነገር ነበር፦ በሚቀጥለው ሳምንት ቤቶ ጋ ይደርሳል፣ በአራት ቦዮ ዋጋ። ያው ዘፈን ነው፣ ምን ልዩነት አለው? እንዳያየኝ ሳፋዬን እንደተሸከምኩ በኋላ መንገድ ዞሬ ቤቴ ገባሁ። ያበላሁት ሰው፣ ስሜን ይዞልኝ የመጣ ሰው፣ እኔ ተደበቅኩት። ሳምንቱ ሲደርስ የቤቶን ገዛሁ። ቤቴ ወስጄ ከፈትኩት። «ያለ ቤቶ ድግስ የለም!»

ከቤቶ ጋር ለምን አልተጣላሽም የሚል ካለ፣ ቤቶ የልጄ የዩራኒስ ክርስትና አባት ነው። ከአበ ልጅ ጋር በአንዲት ቃል አይጣሉም። ኤውዴስን ለምን አልፈለግሽውም የሚል ካለ ደግሞ፣ «ገዝተሽ ነበር?» ቢለኝ ምን እመልሳለሁ? እንዲህ እንዲህ ሲባል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሄደ።

ዘንድሮ ግን የበዓሉ ኮሚቴ ተሰብስቦ አንድ ነገር ወሰነ። ካኞ ኦንዶ የተጠራችበት ዘፈን ያ ብቻ ስለሆነ፣ የጥሪው ቃል በአደባባዩ ትልቅ ግድግዳ ላይ ይጻፍ፣ ከሥሩም የዳማሪስ ሥዕል ይሣል ተባለ። ግድግዳውን ኖራ ቀቡት። ሠዓሊው እሑድ ይመጣል። እኔ በየቀኑ እዚያ ግድግዳ ሥር ነው ቦዮ የምሸጠው። ቀሪ ዕድሜዬን የዳማሪስ አገጭ ሥር ተቀምጬ ልሸጥ ነው ማለት ነው።

ቤቶ ጋ ሄድኩ። ዛሬ ሲዲ አይሸጥም፤ በትንሿ ሱቁ ውስጥ ለሰው ስልክ ዘፈንና ፊልም ይጭናል፣ ለኮምፒዩተር ፕሮግራም ያስገባል፤ አንዱንም ገዝቶት አያውቅም።

«አበ ልጄ፣ ድምፅህን ከዘፈኑ ላይ አንሣልኝ» አልኩት።

ሳቀብኝ። «ድምፅ እኮ አንሶላ አይደለም አበ ልጄ፣ አይገፈፍም። አንዴ ከተቀላቀለ ተቀላቀለ።»

«የገለበጥክበትስ ዋናው?»

«ከአንድ የአውቶቡስ ሹፌር ለግማሽ ቀን ተውሼ መለስኩለት። ሹፌሩም ሞተ፣ አውቶቡሱም ሞተ።»

«እሺ ለምን እዚያች ላይ ጮህክ? ሌላ ቦታ ጠፍቶ ነው?»

«ግጥሙ ላይ ብጮህ ማን ይገዛኛል? አኮርዲዮኑ ብቻውን የሚቀረው እዚያ ነው። ማኅተሜን ካልመታሁበት ደግሞ የጎረቤት ከተማዋ የፉንዳሲዮን ገልባጮች ከእኔ ገልብጠው ይሸጡታል። እነዚያ ሌቦች ናቸው፣ አታውቂያቸውም።»

ፊቱን አየሁት፤ አይቀልድም።

«አንተስ ምንድን ነህ?»

«እኔማ አከፋፋይ ነኝ። ቆይ እስቲ፣ ቦዮ ከማን ተማርሽ? ከአማትሽ አይደለም? ከፈልሻት?»

«ሙያዋን ነው የተማርኩት። ድስቷን ከፍቼ የቀቀለችውን አልወሰድኩም።»

«አየሽ፣ እዚህ ላይ ነው የተሳሳትሽው!» ብሎ ጣቱን ቀሰረ። «ከድስት ቦዮ ቢወሰድ ይጎድላል። እኔ ስገለብጥ ከኤውዴስ ከረጢት አንድም አልጎደለም። ደግሞ እኔ ባልኖር ያንን ዘፈን ማን ያውቀው ነበር? በየጀልባው፣ በየመጠጥ ቤቱ፣ በየሠርጉ ያስጨፈርኩት እኔ ነኝ። ለኤውዴስ ውለታ ነው የዋልኩለት!»

ተናድጄ ወጣሁ። አልጎደለም ያለው ነገር ለቀናት ጭንቅላቴ ውስጥ ሲፈጭ ከረመ።

ልጄ ዩራኒስ ባራንኪያ ከተማ ነው የምትሠራው። ደወልኩላት።

«እማ፣ ዘመኑ እኮ አልፏል» አለችኝ። «እኔ በየወሩ እከፍላለሁ፣ በዓለም ያለ ዘፈን ሁሉ ስልኬ ውስጥ ነው። የክርስትና አባቴ ሌብነት አልቆለታል። ቆይ ልፈልግልሽ።»

ጻፈች፣ ፈለገች።

«የለም» አለች።

«ሁሉም አለ አላልሽም?»

«ኤውዴስ ካንቲዮ የሚባል ሰው ራሱ የለም እማ። ቆይ፣ በነፃው ድረ ገጽ ላይ አንድ ሰው የለጠፈው አለ። አገኘሁት!» ከፈተችው። አኮርዲዮኑ መጣ፣ ብቻውን ቀረ፣ ከዚያ ከሁለታችን ስልክ ውስጥ «ቤቶ! ቤቶ! ቤቶ!»

ልጄ ሳቋን መያዝ አቃታት። እኔም ከንዴቴ ጋር ሳቅኩ። የሚከፍሉትም ጋ የለም፣ የማይከፍሉት ጋ ያለው የቤቶ ነው። ያ ሰው እውነቱን ነው፤ እሱ ባይገለብጠው ዘፈኑ የትም አልነበረም። ይህን ማመን መራራ ነው፤ ቢሆንም እውነት ነው።

ከዚያ በኋላ የቀረኝ የዘፈኑ ባለቤት ነበር። አንድ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ኤውዴስ ከፉንዳሲዮን ወጣ ብሎ እንደሚኖር፣ ትምህርት ቤት እንደሚጠብቅ ነገረኝ። ሐሙስ ጠዋት ቦዮ በጨርቅ ቋጥሬ ተሳፈርኩ።

የቤቱ አጥር ደጃፍ ላይ አገኘሁት። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፣ ሆዱ ግን ያው ነው። ገና ሲያየኝ እጁን ዘርግቶ ጮኸ፦

«ዶሪስ! የቦዮዋ ዶሪስ!»

ዞር ብዬ ከኋላዬ ሌላ ሴት ትኖር እንደሆነ አየሁ። ማንም የለም።

«ኑሪስ ነኝ» አልኩት።

«አንቺ ዶሪስ አይደለሽም እንዴ? የካኞ ኦንዶ? ያ ጭቃ?»

«ጭቃው እሱ ነው። እኔ ግን ኑሪስ ነኝ።»

እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። እሱ አፍሮ፣ እኔ ደንዝዤ፣ ወደ ግቢ ገባን። ከቤቱ ጀርባ ትንሽ የበቆሎ ማሳ አለው። በማሳው ላይ ክር ተወጥሮ በክሩ ላይ ክብ ክብ ነገር እየተሽከረከረ በፀሐይ ያብለጨልጫል። ለበዓል ያጌጠ መስሎኝ ነበር። ቀረብ ብዬ ሳይ ሲዲ ነው። በሲዲው ላይ የራሱ ፊት አለ፣ በጥቁር ፀጉሩ።

«ወፍ ያባርራል» አለኝ። «ለዚያስ ግሩም ነው። አንድ ሺህ አሳተምን። የአኮርዲዮን ተጫዋቼ ሁለት ላሞቹን ሸጦ ነበር ያሳተመው። መቶም አልሸጥን። ላሞቹን መመለስ ስላቃተኝ አኩርፎ ቬኔዙዌላ ገባ፤ አኮርዲዮኑን ይዞ። ከዚያ ወዲያ ከማን ጋር ልዝፈን?»

ከኤውዴስ ከረጢት አንድም አልጎደለም ብሎኝ አልነበር ቤቶ? ልክ ነው፣ አልጎደለም። ሁሉም እዚያው ቀርቷል። ችግሩ እሱ ነው።

ኤውዴስ ቦዮውን እየላጠ ቀጠለ። «አንድ ጊዜ አውቶቡስ ውስጥ ዘፈኔን ከፈቱት። ሰው ሁሉ አብሮ ይዘፍናል። ደስ አለኝ፣ እኔም ጀመርኩ። ረዳቱ "አባባ፣ አይጩኹ፣ ዘፈኑን አበላሹት፤ ሂሳብ አምጡ" አለኝ።» ራሱ በነገሩ ሳቀ። ከዚያ ድንገት ቀና ብሎ «አንቺ የትኛው ነው ያለሽ?» አለኝ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሸሸኋት ጥያቄ መጣች። ዋናው ነው ብዬ ልዋሽ እችል ነበር።

«የቤቶ» አልኩት። «ያን ቀን አደባባዩ ላይ አይቼህ በኋላ መንገድ ዞርኩ።»

አኘከ፣ አኘከ፣ ዋጠ። «የእኔ ልጅም ስልኩ ላይ ያለው የቤቶ ነው» አለኝ።

ተነሥቶ ከአልጋው ሥር ሳጥን ጎተተ፣ አንዱን ከላስቲኩ አውጥቶ በሚስቱ አሮጌ ማጫወቻ ላይ አደረገው። አኮርዲዮኑ መጣ። ብቻውን ቀረ። ያ ሁሉ ዘመን ቤቶ የተኛበት ቦታ ባዶ ሆኖ፣ የኤውዴስ የወጣትነት ድምፅ አፉን ሞልቶ ገባ፦

«ሦስት ቀን ላበላችን፣ ለካኞ ኦንዶዋ ዶሪስ!»

እሱ ወለሉን ያያል።

«ስሞቹን የጻፍኩበት ወረቀት በላብ ርሶ ነበር» አለ። «ከበሮ መቺውን "የቦዮዋ ሴትዮ ማን ነበረች?" ብዬ ጠየቅኩት። እሱ ነው ዶሪስ ያለኝ። እንደገና ልዘፍነው እችላለሁ እኮ፤ አሁን በስልክሽ ቅጂኝ።»

ለመሳደብ አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ደግሜ አስከፈትኩት። ሦስት ቀን ላበላችን። ዳማሪስ በዕድሜዋ ለሰባት ሰው ቀቅላ አታውቅም። ስሙ ተሳስቷል፤ ሦስቱ ቀን ግን ከእኔ በቀር የማንም አይደለም።

«አይ» አልኩት። «የተቀረጸው ተቀርጿል። ይልቅ አንድ ሽጥልኝ።»

«ለአንቺማ በነፃ ነው!»

«በነፃውን ቤቶ ጋ ጠግቤያለሁ። በድሮው ዋጋ ሽጥልኝ።»

ገንዘቡን ተቀብሎ እጁ ላይ እያገላበጠ አየው። ከዚያ ሸጬ ገንዘቡን እንዳመጣለት ሳጥኑን እንዲሰጠኝ ጠየቅኩት።

«ዛሬ ማን ሲዲ ይገዛል ሴትዮ?»

«ካኞ ኦንዶ ይገዛል። በየቤቱ ጥግ አቧራ የጠጣ ማጫወቻ አለ። ሰዉ ደግሞ የማን ስም እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል።»

ቅዳሜ ጠዋት ኖራ የተቀባው ግድግዳ ሥር ተቀመጥኩ፤ በአንድ በኩል የቦዮ ሳፋዬ፣ በአንድ በኩል የኤውዴስ ሳጥን። ለጠየቀኝ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ መለስኩ፦ ዋናው ነው፣ ስሙ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ አልናገርም፣ አላጫውትም፤ ማወቅ የፈለገ ይግዛ።

እስከ እኩለ ቀን የሸጥኩት ቦዮ ብቻ ነው። ይቀልዱብኛል። «ኑሪስ፣ ሲዲው በአይብ ነው ወይስ ብቻውን ነው የሚበላው?» «እዩልኝ፣ የገዛ ስሟን በሙሉ ዋጋ የምትቸበችብ ሴት!»

ቤቶ ወሬውን ሰምቶ መጣ። አጠገቤ ቁጢጥ አለ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አበ ልጄ፣ አትድከሚ። አንዱን አውሺኝ። ያለ ማኅተም፣ በአምላክ ስም፣ ትንፍሽ ሳልል እገለብጠዋለሁ። ሳይመሽ በሁሉም ሰው ስልክ ላይ አደርስልሻለሁ፣ በነፃ። ሠዓሊው ከመምጣቱ በፊት ከዚህ እስከ ባራንኪያ ያንቺን ነገር ይሰማል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የፈለግሽው ይኼ አይደለም?»

ይኼ ነበር። እውነቱን ለመናገር አፌ ውስጥ ምራቅ ሞላ። ሳጥኑ ሙሉ ነው፣ ነገ እሑድ ነው፣ እሱ ደግሞ ያለውን ያደርጋል፤ ቤቶ በዚህ ታምቶ አያውቅም። እጄ ወደ ሳጥኑ ሄዶ ነበር። ከዚያ በበቆሎው ላይ የሚሽከረከረው ያ ሁሉ የኤውዴስ ፊት መጣብኝ።

«ግዛ» አልኩት።

«እኔ?»

«አንተ።»

«እኔ በሕይወቴ ዋና ገዝቼ አላውቅም!»

«ልጄን አንተ አስጠመቅክልኝ፤ ዛሬ ደግሞ እኔ ላስጠምቅህ።»

በአካባቢው የነበሩት ሳቁበት። ጉልበቱን አራግፎ ሄደ። አኩርፏል። ነገሩ አበቃ፣ ግድግዳውም ተበላ ብዬ ተቀመጥኩ።

ፀሐዩ ሲበርድ ዳማሪስ ጃንጥላዋን ይዛ መጣች። ብቻዋን። ለዓመታት ከእኔ ቦዮ ገዝታ አታውቅም።

«ስሜ አለበት?» አለችኝ።

«ግዢና ስሚ።»

«ያንቺ ነው ያለው?»

«ዳማሪስ፣ ግዢና ስሚ።»

አየችኝ። አንዲት ነገር ያኔ ገባኝ፤ እሷም ያን ሁሉ ዓመት እርግጠኛ ሆና አልጨፈረችም። ባሏ ከፍሎ እንደሆነ ጠይቃው አታውቅም ይሆናል፤ መልሱን ፈርታ። ገንዘቡን ሰጠችኝ፣ ሲዲውን ቦርሳዋ ውስጥ ደብቃ ሄደች።

ዳማሪስ ገዛች ሲባል አደባባዩ ተነቃነቀ። መጀመሪያ ጸጉር ቆራጩ፣ ቀጥሎ የኮሚቴው ጸሐፊ፣ ከዚያ ማን ማንን አስቀድሞ። ትንሽ ቆይቶ ከጸጉር ቤቱ አኮርዲዮን ተሰማ። ከማዶ ቤትም ተጀመረ፣ ከመድኃኒት ቤቱ ፎቅም። ሁሉም ራሱን ችሎ፣ አንዱ ቀድሞ አንዱ ዘግይቶ፤ በአንዱም ውስጥ ቤቶ የለም።

አንዲት ሴት በመስኮት ብቅ አለች። «ዶሪስ ማን ናት? እዚህ ሰፈር ዶሪስ የሚባል አለ እንዴ?»

«ሦስት ቀን ያበላችው ነው የሚለው!» አላት ጸጉር ቆራጩ። «ያ የጭቃው ጊዜ እኮ ነው! እነሱን ያበላችው ኑሪስ አይደለችም?»

እኔ ቦዮ ማቀበሌን ቀጠልኩ።

ልነሣ ስል ቤቶ ተመለሰ። ገንዘብ በእጁ ይዟል።

«ለአበ ልጅ አይቀነስም?»

«ለአበ ልጅ ይጨመራል እንጂ።»

ሙሉውን ከፈለ። ሲዲውን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ ልክ የሰው ዕቃ እንደያዘ ሰው፣ ወደ ሱቁ ሄደ። ምን እንደሚያደርግበት አልጠየቅኩትም፤ አውቃለሁ። ቢሆንም ከፍሏል።

እሑድ ጠዋት ሠዓሊው መሰላሉን አቆመ። የኮሚቴው ጸሐፊ ወደ እኔ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀ፤ ሥዕሉን ሰርዘዋል፣ ቃሉ ብቻ ይጻፋል፣ ስህተቱን አርመው «ለካኞ ኦንዶዋ ኑሪስ» ይሉታል። ሠዓሊው ብሩሹን ነክሮ ይጠብቃል። ሰውም ቆሞ ያየኛል፤ ዳማሪስም ከሰገነቷ ላይ ናት።

«ሲዲው የሚለውን ጻፉ» አልኳቸው።

«እንዴ፣ ኑሪስ፣ ስምሽ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ። ዘፈኑን የሠራው ሰው ግን ዶሪስ ነው ያለው። እላዩ ላይ እንደ ቤቶ ሌላ ሰው አይግባበት።»

ተከራከሩኝ። ግትር አሉኝ፤ አዲስ ነገር አይደለም። የመጨረሻዋ ፊደል እስክትጻፍ መሰላሉን ይዤ ቆምኩ፣ ከዚያ የኤውዴስን ገንዘብ በመሐረብ ቋጥሬ የፉንዳሲዮን አውቶቡስ ላይ ወጣሁ።